ከክለብ ክለብ የሚዞር አጥቂ ምን ሠርቶ ያድራል?

ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ልጅ ለአባቱ «ኳስ ተጫዋች ነው የምሆነው» ቢለው መልሱ የታወቀ ነው፤ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ልጁ በቴሌቪዥን የሚያያቸውን ይጠራል፤ ሳላህን፣ ሃላንድን፣ ሜሲን። አባት የጠየቀው ግን ስለ እነሱ አይደለም። የጠየቀው ስሙ በየሳምንቱ ስለማይነሳው፣ ነገር ግን በኳስ ኖሮ በኳስ ልጅ ስለሚያሳድገው ሰው ነው። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ሰው ሥራ ነው፤ በተለይ ከሁሉም ይልቅ ሻንጣው ስለማይፈታው አጥቂ።

ከእኛ አገር ለዚህ ሕይወት ምሳሌ ጥራ ብባል የማነሳው ፍቅሩ ተፈራን ነው። አዳማ ከተማንና ቅዱስ ጊዮርጊስን አልፎ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ፍሪ ስቴት ስታርስ፣ ቢድቬስት ዊትስ። በመሃል ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ተሻግሮ ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫወተ። ህንድም ነበረ፤ ከህንድ በኋላ ደግሞ ባንግላዴሽ። በአንዱም ክለብ አሥር ዓመት ተቀምጦ ሐውልት አላቆመም። ሆኖም ይህ ሁሉ መዞር የሽንፈት ታሪክ ነው የሚል ካለ የህንዱን ዘመን ደግሞ ይመልከት።

የህንድ ሱፐር ሊግ የሚባለው ውድድር የተጀመረው ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) ነው። የመክፈቻው ጨዋታ ኮልካታ ከተማ ሶልት ሌክ ስታዲየም ላይ በአትሌቲኮ ደ ኮልካታና በሙምባይ ሲቲ መካከል ተደረገ። በ27ኛው ደቂቃ ፍቅሩ አገባ፤ ቡድኑም 3 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ጎል የተመዘገበው በዚህ ኢትዮጵያዊ ስም ነው። ሊጉ ትልልቅ ስም ያላቸውን የአውሮፓ ተጫዋቾች በብዙ ገንዘብ ሰብስቦ ነበር፤ በሩን የከፈተው ግን ለማስታወቂያ ሰሌዳ ያልታሰበ ሰው ሆነ። ጎል ባገባ ቁጥር በአየር ላይ ይገለበጣልና የኮልካታ ደጋፊ ወዲያው ወደደው።

አሁን ቀን እንቁጠር። ያ የውድድር ዘመን ከጥቅምት 2 ጀምሮ ታህሳስ 11 ቀን አለቀ። አሥር ሳምንት ብቻ! ስምንት ቡድኖች፣ ለእያንዳንዳቸው 14 የሊግ ጨዋታ፣ ከዚያ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ። አንድ አጥቂ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አገር ምግብና ሙቀት ይላመዳል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ኳስ መቀባበልን ይማራል፣ ያገባል፣ ይቀጣል፣ ይጎዳል። ፍቅሩ ሁሉም ደርሶበታል። ጎዋ ላይ በተነሳ ግርግር የሁለት ጨዋታ ቅጣት ተጣለበት። ኮልካታ ከኬራላ ብላስተርስ ጋር ለፍጻሜ ሲቀርብ ደግሞ እሱ ሜዳ ላይ አልነበረም። ቡድኑ በጭማሪ ሰዓት በመሐመድ ራፊክ ጎል 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባው ሰው የመጀመሪያውን ፍጻሜ አልተጫወተም።

በዓመቱ ኮልካታ አላስቀጠለውም፤ ጣሊያናዊው ማርኮ ማቴራዚ ለሚያሠለጥነው ቼናይን ፈረመ። ግማሽ ፍጻሜው ከማን ጋር ደረሰ? ከኮልካታ ጋር። ቼናይን የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 0 አሸንፎ ስለነበር ለመልሱ ሶልት ሌክ ሲሄድ የኮልካታ ተስፋ ቶሎ ማግባት ብቻ ነበር። በዚያ ሜዳ፣ በቀድሞ ደጋፊዎቹ ፊት፣ ለቼናይን ያገባው ፍቅሩ ነው። ኮልካታ ጨዋታውን 2 ለ 1 ቢያሸንፍም በድምር 4 ለ 2 ወደቀ። ታህሳስ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ቼናይን ኤፍሲ ጎዋን 3 ለ 2 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ይህ ተጫዋች በሁለት ተከታታይ ዓመት ዋንጫውን ባነሱ ሁለት ክለቦች ውስጥ ነበረ፤ ቢሆንም ከአንዳቸውም ጋር ሁለተኛ ዓመት አልቆየም።

ለምን? እውነቱን ለመናገር መልሱ ከጠባይ ይልቅ ከሥራው አሠራር ይመነጫል።

አንደኛ፣ አጥቂ በቁጥር የሚለካ ሠራተኛ ነው። ተከላካይ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ጨዋታውን መመልከት ያስፈልጋል፤ የአጥቂን ግን ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ይፈርድበታል። አምስት ጨዋታ ካላገባ አሠልጣኙ ቅያሪ ያስገባል፣ የክለቡ ሰዎችም ስልክ ማንሳት ይጀምራሉ። በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች በስሙ ፊት ያለውን የጎል ቁጥር ብቻ አይተው ይፈልጉታል። እንደ አጥቂ በቶሎ የሚሸጥም በቶሎ የሚሸኝም የለም።

ሁለተኛው የውጭ ዜጋ ኮታ ነው። የደቡብ አፍሪካ ፕሪሚየር ሊግ ለአንድ ክለብ የሚፈቅደው አምስት የውጭ ተጫዋች ነው። ህንድም በዚያን ጊዜ በሜዳ ላይ ቢያንስ አምስት ህንዳዊ እንዲኖር ታስገድድ ነበር። አንዲቱን የኮታ ቦታ የያዘ አጥቂ እንደ አገሬው ልጅ በመጠኑ ጥሩ ሆኖ አይበቃውም፤ የተሻለ መሆን አለበት። ካልሆነ ቦታው ለብራዚላዊ ወይም ለናይጄሪያዊ ይለቀቃል።

ሦስተኛው ውሉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቤልጂየማዊውን ዣን ማርክ ቦስማንን በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ እንዲችል ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ረጅሙ ውል አምስት ዓመት ነው፤ አጭሩ ደግሞ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ኮከብ አምስቱን ያገኛል። ዞሮ አዳሪው አጥቂ የሚያገኘው አጭሩን ነው፤ አንዳንዴም የሚመርጠው እሱን ነው። ጥሩ ዓመት ካሳለፈ በነፃ ወጥቶ በሚቀጥለው ፊርማ ለራሱ የተሻለ ይደራደራል። ከተጎዳ ግን አጭር ውል አይጠብቀውም።

በአንድ ዓመት ውስጥም ገደብ አለ። አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለብ መመዝገብ፣ ሕጋዊ ጨዋታ መጫወት የሚችለው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። ከአገር ወደ አገር ሲዛወር የቀድሞ ፌዴሬሽኑ ዓለም አቀፍ የዝውውር የምስክር ወረቀት መላክ አለበት፤ ያ ካልደረሰ ተጫዋቹ ልምምድ እየሠራ ጨዋታውን ከዳር ሆኖ ይመለከታል። ስለ ደመወዝም እናንሳ፦ ክለብ ያለ አግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል የፊፋ ደንብ ይፈቅዳል። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ «ነገ ይከፈላል» እየተባሉ ዓመት ይጨርሳሉ። የውጫሌ ውል የተሰየመባት ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት፤ የዚህ አካባቢ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ለምን ደጋግሞ ማንበብ እንዳለበት እኔ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወልድያ ደግሞ ወደ ሰሜን 90 ገደማ። አጥቂ ልሁን የሚል የሐይቅ ወይም የአምባሰል ልጅ በትምህርት ቤትና በወረዳ ውድድር ታይቶ መጀመሪያ የሚያስበው ደሴ ከተማን ወይም ኮምቦልቻ ከተማን ነው። የአገሪቱ የሊግ መሰላል ከላይ ፕሪሚየር ሊጉ፣ ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያም የታችኞቹ እርከኖች አሉት። ወሎ ከላይኛው ደረጃ የደረሰበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ወልድያ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። በ2009 የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ዛሬም ከተማዋ ላይ ቆሟል፤ ቡድኑ ግን ወረደ። ሜዳው ቀርቶ ቡድኑ ሲሄድ ተጫዋቹም ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለውም።

የኢትዮጵያን ክለቦች ስም ብቻ ማንበብ ብዙ ያስተምራል። ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፤ ገንዘባቸው በዋነኛነት ከከተማ አስተዳደር በጀት ይመጣል። ሌሎቹ የባንክ፣ የመድን፣ የመከላከያ ናቸው። ከቲኬትና ከማሊያ ሽያጭ የሚኖር ክለብ እጅግ ጥቂት ነው። በጀት በየዓመቱ ስለሚጸድቅ ውልም በዓመትና በሁለት ዓመት ይታሰራል። ክረምት ሲመጣ ግማሽ ቡድን ይለቀቃል፣ ሌላ ግማሽ ይፈርማል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ካምፕ ያደሩ ልጆች በመስከረም ተጋጣሚ ሆነው ይገናኛሉ። የተጫዋች ዋጋ ከአቅም በላይ ወጣ ተብሎ በ2011 መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ጣሪያ ማውጣትና ጣሪያውን ማክበር ግን ለየቅል ናቸው።

አንዳንዴ ተጫዋቹን የሚያስነሳው ኳሱም ገንዘቡም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች፣ የ2011 ሻምፒዮን የነበረውን መቐለ 70 እንደርታን ጨምሮ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ውጭ ሆኑ፤ ተጫዋቾቻቸውም በየክለቡ ተበተኑ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ። ያኔ በወሎ ስለ ዝውውር መስኮት ያሰበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከፍቅሩ ሌላ የታወቁትን አጥቂዎቻችንን መንገድ ብናስተያይ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ሳላዲን ሰይድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ሄደ፤ የዋዲ ደግላ ባለቤት የቤልጂየሙን ሊርስንም ይዞ ስለነበር በውሰት አውሮፓን አየ። ከዚያ አል አህሊ፣ ከዚያ የአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር፣ ከዚያ ተመልሶ ጊዮርጊስ። ውሰት የሚባለው ነገር ለአጥቂ ማረፊያም ወጥመድም ነው፦ ጨዋታ ያገኛል፣ ግን የማንም አይሆንም። ኡመድ ኡኩሪ ከጋምቤላ ተነስቶ በግብፅ ከአንድ በላይ ክለብ አዳርሷል፤ ኢትሃድ እስክንድርያ፣ ኤንፒ፣ ስሙሃ።

ጌታነህ ከበደ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ ነው። የዲላው ልጅ በደደቢት ገንኖ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አንዱን ጎል አገባ። በዚያው ክረምት ያ በጎል የቀጣው አገር ወሰደው፤ ቢድቬስት ዊትስ አስፈረመው። የኮታ ተጫዋች ሆኖ ወንበር ላይ መቀመጥንም፣ በውሰት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያ መላክንም ቀመሰ። ወደ ደደቢት ሲመለስ «አለቀለት» ያሉ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. 25 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆነ። ከዚያም ጊዮርጊስ፣ ወልቂጤ እያለ ቀጠለ። የ25 ጎሉን ክብረ ወሰን የሰበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ በ2013 ዓ.ም. 29 አገባ፣ በ2014 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ፤ እዚያ ግን ጉዳት ተደጋገመበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የጎል ቁጥር በር እንደሚከፍት፣ ውስጥ የሚያቆየው ግን ጉልበት መሆኑ ይታየኛል፤ ጉልበት ስል የእግሩን መገጣጠሚያ ነው።

ሴቶቹም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ በደደቢት፣ በአዳማና በንግድ ባንክ ማሊያ ጎል ስታዘንብ ኖራለች፤ በመሃልም ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ሄዳ በደሴቲቱ ሊግ እንዲሁ አድርጋለች። ከሷ በፊት ለሴት አጥቂ ከክለብ ክለብ መዞር ቀርቶ የሚዞርበት ክለብ ማግኘትም ብርቅ ነበር።

መዞርን እንደ ነውር የሚያይ ሰው በሐይቅ ዙሪያ ባይኖር ደስ ይለኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ ተምረው፣ ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ መሄዳቸውን ገድላቸው ይተርካል። የቆሎ ተማሪም ለቅኔው አንድ ጋ፣ ለድጓው ሌላ ጋ ይሄዳል፤ መምህር ቀየረ ብሎ የሚያማው የለም። አጥቂም ከአንዱ አሠልጣኝ ጀርባውን ለበረኛ ሰጥቶ ኳስ መያዝን፣ ከሌላው ሳይነካኩ ቦታ መያዝን ይማራል። ልዩነቱ ተማሪው ዕድሜ ልኩን መማር መቻሉ ነው። አጥቂው ጥሩ ዕድሜ ካገኘ ከ20 እስከ 34፣ 35 ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ሠላሳ አርባ ዓመት የሚበላውን በዚያ ጊዜ ማስቀመጥ አለበት። የፊርማ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ መውደቁ ነው ፈተናው። ወር ጠብቆ እንደሚከፈለው የአስተማሪ ደመወዝ ራሱን አያከፋፍልም።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ የሚያስጠጋንን ክፍል እናንሳ፦ ልጁ ተሳክቶለት ቢሄድ ለሐይቅ ምን ይተርፋታል? ፊፋ ያወጣው ደንብ አለ። ውል ያለው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ክፍያ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ደግሞ ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ልጁን ከ12 እስከ 17 ዓመቱ የያዘ ቡድን ቢኖርና ልጁ በኋላ በ100,000 ዶላር ቢሸጥ ያ ቡድን 2,000 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ለአንድ የወረዳ ቡድን ይህ የስንት ዓመት ኳስና ታኬታ እንደሆነ አንባቢ ያስላ። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በተሸጠ ቁጥር ይደገማል። ስለዚህ ብዙ የሚዞር ልጅ፣ ዝውውሩ በክፍያ እስከሆነ ድረስ፣ ለአሳዳጊው ከማይንቀሳቀሰው ይሻላል።

ችግሩ «በክፍያ እስከሆነ ድረስ» የምትለው ናት። ዞሮ አዳሪ አጥቂ አብዛኛውን ጊዜ ውሉን ጨርሶ በነፃ ነው የሚሄደው፤ ከዜሮ ላይ 5 በመቶ አይወጣም። ለዚህ ሌላ ክፍያ አለ፤ የሥልጠና ካሳ ይባላል። ልጁ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም፣ ከዚያም 23 ዓመት እስኪሞላው ከአገር ወደ አገር ሲዛወር፣ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠኑት ይከፈላል። መጠኑ እንደ አስፈራሚው ክለብ ደረጃ ይለያያል።

ሁለቱም የሚመሠረቱት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በምዝገባ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፊፋ እነዚህን ክፍያዎች የሚያከፋፍል ማዕከል ፓሪስ ላይ አቋቁሟል፤ ማዕከሉ የሚሠራው በተጫዋቹ የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው። ይህም በስንት ዓመቱ የት ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ፓስፖርቱ የሚሞላው አገራዊው ፌዴሬሽን ከያዘው መዝገብ ነው። በሐይቅ ዳር ሜዳ ልጆችን ሰብስቦ በራሱ ገንዘብ ኳስ የሚገዛ አሠልጣኝ፣ ቡድኑ በፌዴሬሽን ካልተመዘገበና ልጁ በስሙ ካልተጻፈ፣ በደንቡ ዓይን የለም። የልጁ ታሪክ የሚጀምረው ደሴ ወይም አዲስ አበባ በመጀመሪያ ከተመዘገበበት ቀን ይሆናል፤ ያሳደጉት ዓመታት ባዶ ይቀራሉ።

ስለዚህ ልጅ የሚያሠለጥን የሐይቅ፣ የውጫሌ ወይም የመርሳ ቡድን ቢያንስ ሦስት ወረቀት ይያዝ፦ ቡድኑ በዞንና በክልል ፌዴሬሽን የተመዘገበበትን፣ የእያንዳንዱን ልጅ የትውልድ ቀን ማስረጃ፣ እና በየዓመቱ በቡድኑ ስም የተሰጠውን የተጫዋች መታወቂያ ቅጂ። ልጁ ሲሄድ መልቀቂያ በቃል አይሰጥ፤ ይጻፍ፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂው ይቀመጥ። ወላጅም ወኪል ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ የፊፋ ፈቃዱን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በወኪልነት ለመሥራት ፈተና አልፎ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ሆኗል፤ «ለሙከራ ውጭ ልውሰደው» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበልን ሰው ማሰናበት ነው። ክርክር ከተነሳም መዘግየት አያዋጣም፦ ጉዳዩ ከተፈጠረ ሁለት ዓመት ካለፈው የፊፋ ዳኞች አይመለከቱትም።